ዕጣ የተባሉት ሰዎች

ማክሰኞ፣ ጥር 21 ቀን 1988

እስካሁን አልሞተችም። ከመጽሐፉ ግማሽ አልፌያለሁ፤ ረሃቡም፣ ብርዱም፣ ሐሜቱም ተፈራርቀውባታል፤ ልጅቷ ግን አለች። ሊያ «ዶንት ወሪ ጋሼ፣ ትሞታለች» ብላኛለች። ክፍላቸው ውስጥ ያሉት ሁሉ ገና ሳይጀምሩት ያውቁ ነበር አሉ። የድሮ እንግሊዞች ልብ ወለዳቸው ውስጥ ቆንጆ ድሃ ልጅ ካስገቡ ሳይቀብሯት ወደ ቤታቸው አይመለሱም።

ሊያ የእህቴ የጽጌ ልጅ ናት። ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትጨርሳለች። መጽሐፉን አንብባዋለች፤ የቀራት ድርሰቱ ነው። ቅዳሜ ከከተማው ማዶ ስካርቦሮ እነሱ ቤት ሄጄ ሶፋው ላይ ሳገኘው ካፖርቴ ውስጥ ከትቼ መጣሁ። በማግስቱ ደወለች። «ስቲል አደረግከው አይደል?» አለችኝ። ተዋስኩ እንጂ አልሰረቅኩም አልኳት። የትምህርት ቤት ንብረት ስለሆነ እሁድ ካልመለስኩ አጎትነቴን ትሰርዛለች።

የልጅቷን ስም ለመጥራት ምላሴ ስላልታዘዘኝ እታለም ብያታለሁ። ሊያ በዚህ በጣም ትናደዳለች። ስለዚህ እቀጥልበታለሁ።

እታለም የሀብታም ቤት ልብስ አጣቢ ናት። የጌቶቿ ልጅ ደፈራት። መጽሐፉ «ወደቀች» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። አልወደቀችም፤ ገፍተዋት ነው። ከዚያ ከቤት ያስወጧት እሷን ነው። ልጁ ምሳውን ይበላል።

ዛሬ አስተርዮ ማርያም ናት። የምጠብቀው ፓርኪንግ ባዶ፣ በረዶው ብዙ፣ እኔ ቡዝ በምትባል ጠባብ ክፍሌ ውስጥ ከማሞቂያዬና ከመዝገበ ቃላቴ ጋር። ዩኒቨርሲቲዬ ይቺ ቡዝ ናት። ምርቃት የለም እንጂ ሙቀት አለ።

ትልቁን ወሬ ልረሳው ነበር። እሁድ ግርማ ለጽጌ ሽማግሌ ይልካል! በመጨረሻ። ግርማ ፍሪጅና ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። ዘንድሮ የጽጌን ምድጃ ሦስት ጊዜ ጠግኗል፤ ምድጃው ግን ተበላሽቶ አያውቅም። አባታችን ስለሌለ ሽማግሌዎቹን የምቀበለው እኔ ነኝ። ጢሜን ላሳድግ?

ረቡዕ፣ ጥር 22

ጸሐፊውን ይዤዋለሁ።

ሰውዬው ነገሩ ሲከብደው «ዕጣ» ይላል። በየምዕራፉ። ዕጣ በሩን ዘጋባት ይላል። ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፤ በሩን የዘጋችው አክስቷ ናት። በእጇ። ቁልፉን ሁለቴ አዙራ። ዕጣ ስሟን አጠፋው ይላል። ስሟን ያጠፋው ቄሱ ነው፣ ሻይ እየጠጣ። ዕጣ ከመንደሩ አባረራት። የለም፣ እመቤቲቱ ናት፤ ገጹ ራሱ ይናገራል።

እርሳስ አወጣሁ። «ዕጣ» የሚል ቃል ባገኘሁበት ሁሉ ከጎኑ የሠራውን ሰው እጽፋለሁ። አክስቷ። ቄሱ። እመቤቲቱ። የጌቶቿ ልጅ። አንድ ቦታ ብቻ ማንንም አጣሁ፤ መብረቅ ነበር። መብረቁን ለጸሐፊው ማርኩለት።

ሊያ ስታይ ትገድለኛለች። በእርሳስ ነው እላታለሁ።

ከምሳ በኋላ ግርማ ደወለ። የሽማግሌዎቹን ስም ሊነግረኝ ነው። ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ናቸው። ሦስተኛውን «አንተ ደስ ይልሃል ብዬ ነው፣ የአገራችሁ ሰው ናቸው» አለኝ። አቶ ደምሴ። ባለፈው ክረምት ከአገር ቤት መጥተው ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ገና ከመምጣታቸው የተጣላ ሁሉ ያስታርቁናል ብሎ ደጃቸው ይሰለፋል አሉ። ግርማ ጽጌን ላክብር ብሎ የወንዟን ልጅ ፈልጎ አገኘ። ማንም ጨዋ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ስሙን ከድሮ አውቀዋለሁ። ለጽጌ ደወልኩ፤ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ስሙን ነገርኳት። ፍሪጁ ሲጮህ በስልኩ ይሰማኛል። ከዚያ «ጋሼ፣ እሁድ የሚባል ነገር የለም። ሰርዘው» ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ዛሬ እረፍቴ ነው። ስካርቦሮ ሄድኩ። ከኔ ሰፈር ከፓርክዴል እስከ እዚያ አውቶቡስና ባቡር ተቀያይሮ ሰው ሽበት ያበቅላል። በመንገድ መጽሐፉን ጨረስኩት። አለቀሰብኝ ወይም አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መሐረብ ሰጠችኝ።

ስለ እህቴ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ የማላውቀውን ዛሬ ልጻፍ።

ጽጌ አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ ከገበያ ስትመለስ ተጠለፈች። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ነበርኩ፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት። እንደ ልማዱ ጠላፊው ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ አባቴ ቤት ገቡ፣ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። ዋናው ተናጋሪ አቶ ደምሴ ነበሩ። «ከሆነ ሆነ፣ ዕጣዋ ነው፣ ታረቁ» አሉ። አባቴ ታረቀ። እሷን የጠየቃት የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠፍታ እኔ ጋ መጣች፤ ጋራዡ በር ላይ አንዱ ጫማዋ ጠፍቶ ቆማ አገኘኋት። ከዚያ ወዲያ አገራችን አልተመለሰችም። አዲስ አበባ አደገች፣ የሊያን አባት አገባች፣ እሱ ሞተ፣ ሱዳን፣ ከዚያ እዚህ ፈረንጅ አገር። ግርማ የሚያውቀው ባሏ የሞተባት መሆኗን ነው። የመጀመሪያውን አያውቅም። ሊያም አታውቅም።

ጽጌ ዛሬ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ነው ያወራችኝ። ሽንኩርት ምስክር አይሆንም ብዬ ልቀልድ አሰብኩና ተውኩት።

የምትፈራው ይህን ነው። ከዚያኛው ሰው በሽማግሌ አልተፋታችም፤ ጠፋች እንጂ። አቶ ደምሴ ሳሎኗ ውስጥ ቆመው «ይህች ልጅ ባል አላት፣ እኔ ነኝ ያስታረቅኩ» ቢሉስ? ግርማ ሲሰማ? ልጇ ስትሰማ?

«ከሠርጉ በፊት እንዲህ ከምዋረድ ይቅር። የኔ ነገር የተጻፈ ነው። ዕድሌ ነው» አለች።

እርሳሴ ኪሴ ውስጥ ነበር። የአቶ ደምሴን ስም ግንባሯ ላይ ልጽፍ ምንም አልቀረኝ።

ለካ ሊያ የእታለምን ታሪክ እራት ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነግራት ኖሯል። ጥሩ ልብ ያለው አስተማሪ ሊያገባት እንደጠየቃት፣ የድሮው ነገር በሌላ ሰው አፍ እንደደረሰው፣ ፊቱን እንዳዞረባት። እዚያ ላይ ሊያ ስልክ መጣላትና ተነሳች።

«መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለችኝ ጽጌ።

ገና አልጨረስኩም ብዬ ዋሸሁ። እንኳን እሷ አንድ ሕፃን የሚያውቀው ውሸት ነው። ያለ መልስ ሸኘችኝ። እሁድ ይቅር አይቅር አልተቆረጠም።

ዓርብ፣ ጥር 24

ዛሬ ያሰብኳቸው ተንኮሎች፦

ለአቶ ደምሴ ደውዬ የተሳሳተ አድራሻ መስጠት፤ ከከተማው ውጭ ሚሲሳጋ ድረስ ይሂዱ።

እሁድ ሊፍቱ ተበላሽቷል ብዬ አሥራ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ማስወጣት።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳያልቅ አልቀመጥም ይላል አይደል? ታዲያ ጉዳዩን አለመጨረስ። ስለ በረዶው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጉልበታቸው እየጠየቁ ማቆም። ቁርጭምጭሚታቸው እስኪያብጥ። ይህኛውን ወደድኩት።

ደግሞ አንድ ያልዘረዘርኩት ነገር አለ፤ አሰብኩትና አፈርኩበት። እኔው ለግርማ ልንገረው? አይሆንም። እታለምም ያለቀላት የሷን ነገር ሌላ ሰው ስላወራላት ነው።

አንድ ደንበኛ መኪናውን ሊወስድ መጥቶ መስኮቱን ቢመታ አልሰማሁም። ቁልፉን ስሰጠው መጽሐፉን አይቶ «ያሳዝናል አይደል?» አለኝ። ያናድዳል አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ጽጌ ደወለች። ሰላምታ የለም።

«ሞተች ወይ?»

«አዎ» አልኩ።

«የት?»

«አስተማሪው በር ላይ። በረዶ እየጣለ። ሌሊቱን እዚያው ቆማ አደረች፣ ጠዋት አገኟት።»

ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ በስልክ የሚላክ ይመስል ኪሴን እዳብስ ጀመር።

«አላንኳኳችም?» አለች።

ደነገጥኩ። ቆይ ብያት ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሃል ይዤ ገጹን ፈለግኩት። ሁለቴ አነበብኩ። መብራቱን አየች ይላል፣ ጥላውን አየች ይላል፣ እጇን አነሳች ይላል። ከዚያ ዕጣ ይላል። አላንኳኳችም።

«አላንኳኳችም» አልኳት።

«ሞኝ» አለች። ስታለቅስ ነበር መሰለኝ፤ ወይ ስትስቅ። «እኔ ነገ እነግረዋለሁ። በራሴ አፍ። ሽማግሌህ ከሚነግረው እኔ ልንገረው። ልሂድ ካለም ፊቴን አይቶ ይሂድ።»

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ነገረችው።

ከሥራ ስትወጣ ሊያደርሳት መጣ፣ ሕንፃው በር ላይ ቫኑ ውስጥ እንደተቀመጡ ሁሉንም ነገረችው። ገበያውን፣ ጠለፋውን፣ አባቴ ቤት የተባለውን፣ የአቶ ደምሴን ስም። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሰማት። ስትጨርስ «እሺ» አለ። ሌላ ምንም። ወረደች፣ ነዳ፣ ሄደ። የመታጠፊያውን መብራት እንኳ አላበራም አለች። ግርማ መብራት ሳያበራ የሚታጠፍ ሰው አይደለም።

ከዚያ ጀምሮ ስልክ አያነሳም። እኔ ደወልኩ፣ እሷ ደወለች፣ ሊያ ደወለች። ማሽኑ ብቻ «መልእክት ተው» ይላል፣ በግርማ ድምፅ፣ በቄንጠኛ እንግሊዝኛ።

ለሊያም ነገረቻት። ሊያ ምን አለች ብዬ ጠየቅኩ። አልጋዬ ላይ ገብታ አቅፋኝ ተኛች አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ብቻ «ማሚ፣ ሁ ዋዝ ዘ ኦልድ ማን?» ብላ ስሙን ጠይቃለች።

ጭንቀቶቼ፦ ግርማ አስተማሪውን ከሆነ። ሽማግሌ ካልመጣ። ሽማግሌ ከመጣ። እንግዳ ሳይመጣ ዶሮው ቢበላሽ። መብራት ሳያበራ የታጠፈ ሰው የሆነ ነገር ቢደርስበትስ?

ዛሬ መጽሐፉን አልከፈትኩም። ጸሐፊውን አኩርፌዋለሁ።

እሁድ፣ ጥር 26

መጡ! በሰዓቱ! ከሐበሻ ያልተጠበቀ!

በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ እጄ እየሮጠብኝ ነው።

በሩ ሲንኳኳ ጽጌና ሊያ ምድጃው ጋ ነበሩ። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ አንድ ስለሆነ መደበቂያ የለም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ከፈትኩ። ሦስቱም ናቸው። አቶ ደምሴ ከሁሉም ኋላ። በረዶ ስለሆነ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ሽማግሌ በካልሲ ሲቆም ክብሩ ግማሽ ይሆናል። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ ሳምንት እስቅ ነበር።

ተቀመጡ አልኩ። አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ደንቡ። እኔም ተንኮሌን ጀመርኩ። መንገዱ እንዴት ነው? በረዶው? ልጆች ደህና? አንደኛው ሽማግሌ መልሰው መልሰው ሲደክማቸው ወደ ጉዳዩ ገቡ፦ ልጃችን አቶ ግርማ እህትህን ለትዳር ፈልጎ፣ እኛም ደጅህን…

ግርማ! ልቤ ከደረቴ ወጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ላከ ማለት ነው።

ያኔ አቶ ደምሴ አቋረጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አቶ ወርቁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ይህ ጥያቄ ላንተ አይደለም። እሷ ትምጣልኝ።»

ጽጌ ዞረች። እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች። ሊያ ተከትላት አጠገቧ ቆመች፣ ከእናቷ ትረዝማለች።

«ጽጌ» አሉ ሽማግሌው፣ «ያን ጊዜ አባትሽ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ዕጣዋ ነው አልኩ። ዕጣ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። ያንን ነገር ትዳር ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ፣ ትዳር አልነበረም። ይህን በሰው ፊት ልናገር ነው የመጣሁት። አሁን የሚጠይቅሽ ግርማ ነው፣ የምትመልሺ አንቺ ነሽ። እኔ ግን አንቺ ተቀመጡ ካላልሽኝ አልቀመጥም።»

እኔ ይህን ንግግር ለመስማት አልተዘጋጀሁም። ሙሉ ሌሊት የፈጠርኩት ተንኮል እጄ ላይ ቀረ።

ጽጌ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሁለቱ መለሰች። «ለግርማ እሺ ብላለች በሉት። ቀኑን ግን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ። እናንተ ተቀመጡ።»

ሁለቱ ተቀመጡ። ሦስተኛው ቆሙ።

ዳቦው መጣ። የሚባርከው ትልቁ ነው፣ ትልቁ ደግሞ አቶ ደምሴ ናቸው። ቆመው ባረኩ። ጽጌ ወጡን አቀረበች፣ ለሁሉም አወጣች። እሳቸው ቆመዋል፣ በካልሲ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጅ ይዘው። ማንም መጉረስ አልቻለም። ሊያ እናቷን ታያለች። እኔ ሳህኔን አያለሁ።

በመጨረሻ አንድ ሳህን ሞላች፣ ባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠችው።

«ይቀመጡ» አለች፣ «ይቀዘቅዛል።»

ይቅር ብያለሁ አላለችም። ይቀዘቅዛል ነው ያለችው። እሳቸውም የገባቸው መሰለኝ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ቀና ብለውም አላዩ፣ በሉ።

ግርማ ለካ ታች ቫኑ ውስጥ ነበር። ሊያ ያለ ካፖርት ሮጣ ወርዳ ይዛው መጣች። ትናንት ከጽጌ እንደተለየ በቀጥታ ጄን ኤንድ ፊንች ሄዶ አቶ ደምሴን ከልጃቸው ቤት ጠርቶ አነጋግሯቸዋል። ምን እንዳላቸው አይናገርም። እሳቸውም አይናገሩም። እስኪመሽ እንደቆየ ብቻ ነው የታወቀው።

ስልክ ለምን አላነሳህም አልኩት። «ምን እንደምል አላወቅኩም፣ ጋሽ ወርቁ። ሥራውን ልጨርስና እደውላለሁ ብዬ ነው» አለኝ። ጠጋኝ! አንድ ሙሉ ሌሊት ሰው ሰቅሎ!

ጽጌ ሰምታው «ሁለተኛ ሥራ ስትይዝ ሁለት ቃል ተናግረህ ያዝ» አለችው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ከልማዱ የተነሳ ተነስቶ የምድጃውን ማብሪያ አዟዟረው። ሁላችንም ሳቅን፣ አቶ ደምሴም ጭምር፣ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው።

ሰኞ፣ ጥር 27

እንቅልፍ እንዲህ ይጥማል እንዴ? አለቃዬ ምን ሆነሃል አለኝ። አማች አገኘሁ፣ ፍሪጅ በነፃ ይጠግናል አልኩት።

አቶ ደምሴን ልወዳቸው አልችልም። ልጠላቸው ስል ግን ትናንት የቆሙበት ምንጣፍ ይታየኛል። ይህን ለጊዜው እንዲሁ ልተወው። ጽጌም የተወችው ይመስለኛል። ሲወጡ ካፖርታቸውን አቀበለቻቸው፤ አልሳመቻቸውም።

መጽሐፉን ትናንት መለስኩ። ሊያ ገና ስትገልጠው እርሳሴን አየች። አክስቷ። ቄሱ። እመቤቲቱ። ትጮህብኛለች ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። አልጮኸችም። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አየችው። ድርሰቱን በዚህ ነው የምትጽፈው፤ እያንዳንዱን ዕጣ ከሰውየው ጋር። ከመብረቁ በስተቀር። መብረቁን እሷም ማረችው።

ላጥፋው ወይ ብላት አይሆንም አለች።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደወለችልኝ፣ እየሳቀች። ጠዋት መጽሐፉን ክፍል ውስጥ ስትከፍት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የሌላ ሰው ጽሑፍ አግኝታለች። እታለም በሩ ላይ ቆማ እጇን ያነሳችበት ገጽ። የኔ ጽሑፍ አይደለም፤ የኔ እንደ ዶሮ ጭረት ነው። ይሄኛው ክብ ክብ ያለ ነው አለችኝ፣ የጽጌ የእጅ ጽሑፍ ነው። በእርሳስም አይደለም፤ በሰማያዊ ስክሪብቶ፣ የማይጠፋ።

«አንኳኪ» ይላል። አንድ ቃል።

ሊያ አማርኛውን ቀስ ብላ አነበበችልኝ፣ እንዳይሰበር የፈራች ይመስል። ከዚያ ጨነቃት። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው፣ ስክሪብቶ ነው፣ መምህሯ ማን ጻፈው ካለችስ?

ዕጣ ነው በያት አልኳት።